ሒሳቡን ስለሚሠራው ሰው

ይህ ለሒሳብ አያያዝና ለኦዲት ተማሪዎች፣ እንዲሁም ሥራ ለጀመሩ ባለሙያዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ስለ ትምህርት ሕይወትህ አውራልን ብለውኛል፣ እሱን ቶሎ ልጨርሰው። ኦዲት ውስጥ ነው የጀመርኩት። ከዚያ ትምህርቴን ቀጠልኩ፣ ሦስተኛ ዲግሪዬን ያዝኩ፣ ማስተማር ጀመርኩ፣ ፕሮፌሰር ሆንኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያስወራው ይዤው የዞርኩት ጥያቄ ነው። ትክክሉን የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ፣ ስሕተት መሆኑን እያወቀ ለምን ይፈርማል?

የማያውቅ ሰው ብዙም አያሳስበኝም። ያልገባውን ስታንዳርድ ታስረዱታላችሁ፣ ያልቻለውን ታሳዩታላችሁ፣ ይችላል። እንቅልፍ የሚነሳኝ የሚያውቀው ነው።

ርዕሱን ስመርጥ የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ። "ተው፣ ይሄ ስብከት እንጂ ምርምር አይደለም" አሉኝ። በእኛ መስክ ትልቅ ክብር የሚሰጠው የሒሳብ መግለጫ ከአክሲዮን ዋጋ ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር ማጥናት ነው። ዳታው ተዘጋጅቶ ይገዛል፣ ሞዴሉም የታወቀ ነው። ሥነ ምግባር ላይ ግን ዳታው ያለው ሰው ሆድ ውስጥ ነው። ማን አውጥቶ ይሰጥሃል? ምክሩ ከክፋት የመጣ አልነበረም፣ ለእኔ አስበው ነው። እኔ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ለምን እንዳልለቀቀኝ በአንድ ታሪክ ላሳያችሁ።

ዎርልድኮም የሚባል ትልቅ የአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያ ነበር። ቤቲ ቪንሰን እዚያ በመካከለኛ ደረጃ የምትሠራ አካውንታንት ነበረች። በ2000 የሦስተኛው ሩብ ዓመት ሒሳብ ሲዘጋ ውጤቱ ገበያው ከጠበቀው በታች ሆነ። ከላይ ትእዛዝ መጣ። ለወጪ ከተያዘው መጠባበቂያ ላይ 828 ሚሊዮን ዶላር ተቀንሶ ወጪው እንዲቀል ተባለ። ይህን የሚደግፍ ሰነድ አልነበረም። ቪንሰን ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ወዲያው ገባት። ተናገረችም። ግን መዘገበችው።

ከዚያ እሷና አንድ ባልደረባዋ ሥራ ለመልቀቅ አሰቡ። የፋይናንስ ዋና ኃላፊው አነጋገራቸው። የተሠራው ሕገ ወጥ አይደለም፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ፣ ትንሽ ታገሡ፣ ነገሩ ይስተካከላል አላቸው። ቪንሰን ቤተሰቧን በዋናነት የምትደግፈው እሷ ነበረች፣ የጤና መድኅናቸውም በእሷ ሥራ የተያዘ ነበር። ቀረች። በ2001 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ግን የሚነካ መጠባበቂያ አልተገኘም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ መጣ። ኩባንያው የሌሎችን መስመር ለመጠቀም የሚከፍለው ገንዘብ የዕለት ተዕለት ወጪ ነው፣ እሱን ከወጪ አውጥቶ ወደ ቋሚ ንብረት ማዞር። በዚያ ሩብ ዓመት ብቻ 771 ሚሊዮን ዶላር እንዲህ ዞረ። ቀጣዩም ሩብ ዓመት፣ የቀጣዩም ቀጣይ።

ሒሳብ ያልተማራችሁ ካላችሁ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። ወጪ ከሆነ የዘንድሮን ትርፍ ይቀንሳል፣ ንብረት ከተባለ ግን ተከፋፍሎ ለብዙ ዓመት ይሄዳል፣ የዘንድሮው ትርፍም ያብጣል። ሁለት መስመር ምዝገባ ነው። አንድ ዴቢት፣ አንድ ክሬዲት። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስሕተቱን ያያል። በመጨረሻ የተዛባው ሒሳብ ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ቪንሰን ጥፋተኝነቷን አምና በ2005 የአምስት ወር እስራትና የአምስት ወር የቤት ውስጥ እስር ተፈረደባት።

አሁን ደግሞ ሌላዋን ሴት ተመልከቱ። ሲንቲያ ኩፐር የዚያው ኩባንያ የውስጥ ኦዲት ኃላፊ ነበረች። እሷና ጥቂት ባልደረቦቿ አብዛኛውን ማታ ማታ፣ ማንም ሳያውቅባቸው፣ ምዝገባዎቹን አንድ በአንድ እየተከተሉ ሄዱ። ደጋፊ ሰነድ ጠየቁ፣ የሚሰጣቸው አጡ። በሰኔ 2002 ጉዳዩን ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ አቀረቡት፣ ፈነዳ።

ሁለቱም ሒሳብ ያውቃሉ። ሁለቱም ልክ አለመሆኑን አውቀዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ኩፐር ጀግና ናት ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ናትም። ግን እንደ ተመራማሪ ይሄ መልስ አይበቃኝም። ኩፐር ቡድን ነበራት። ሥራዋ ራሱ መጠየቅ ነው፣ ማንም "ምን አገባሽ?" ሊላት አይችልም። ከአለቆቿ ውጭ በቀጥታ የምትደውልለት የኦዲት ኮሚቴ ነበራት። ቪንሰን የምትናገረው ለማን ነው? ያዘዟት ሰዎች ናቸው የሚሰሟት። ይህን ስል እሷን ነፃ ለማውጣት አይደለም፣ ፍርድ ቤት የፈረደውን ፈርዷል። ግን ጠረጴዛዋ የት ቦታ እንደተቀመጠ ሳናይ ስለ ባሕርይዋ ብቻ ካወራን ቀጣይዋን ቪንሰን አናድናትም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ሬስት የሥነ ምግባር ተግባርን በአራት ከፍሎት ነበር። መጀመሪያ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ጉዳይ መሆኑን ማየት፣ ከዚያ ትክክሉን መለየት፣ ከዚያ ከሌላው ጥቅም ይልቅ እሱን ማስቀደም፣ በመጨረሻ እስከ ዳር ማድረስ። የእኛ መስክ ለረጅም ጊዜ ያጠናው ሁለተኛውን ነው። ለምን መሰላችሁ? ለመለካት ስለሚቀል። ሬስት ራሱ ያዘጋጀው መጠይቅ አለ፣ ሰው አስቸጋሪ ታሪክ አንብቦ ለየትኛው ምክንያት ክብደት እንደሚሰጥ ያሳያል፣ ከዚያ ነጥብ ይወጣለታል። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ኦዲተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ተሠርቶበታል።

ከእነዚያ ጥናቶች አንዱ ግን እስካሁን ያስደነግጠኛል። ላሪ ፖኔሞን በ1992 ባሳተመው ጥናት የኦዲት ድርጅት ሠራተኞችን በየደረጃቸው አነጻጸረ። ሰው በዕድሜና በልምድ ሲበስል ነጥቡ ከፍ ይላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ አይደል? ማኔጀሮቹና የድርጅቱ ባለድርሻ የሆኑት ፓርትነሮች ዝቅ ብለው ተገኙ። ከዚያም በላይ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። የእሱ ማብራሪያ ድርጅቶቹ የሚመስላቸውን እየመረጡ ያሳድጋሉ፣ የማይመስላቸውም ቀስ በቀስ ይወጣል የሚል ነው። በኋላ በአለካኩ ላይ ክርክር ተነስቷል፣ ተገቢም ነው። ጥያቄው ግን አለ። ድርጅታችሁ ውስጥ ማን ነው የሚያድገው?

እሺ፣ ወደ መለካቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። አንድን ኦዲተር ፊት ለፊት "ያላየኸውን ሰነድ አይቻለሁ ብለህ ምልክት አድርገህ ታውቃለህ?" ብትሉት ምን ይላችኋል? "በፍጹም" ይላል። ቢያደርገውም ባያደርገውም።

አንዱ መፍትሔ ሳንቲም ነው። ሐሳቡን በ1965 ያመጣው ስታንሊ ዋርነር የሚባል ተመራማሪ ነው፣ እኔ ቀለል ያለውን ዓይነት ልንገራችሁ። መላሹ ማንም ሳያየው ሳንቲም ይወረውራል። ዘውድ ከወጣ፣ እውነቱ ምንም ይሁን፣ "አዎ" ይላል። ጎፈር ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። አሁን አንድ ሰው "አዎ" ቢል ሳንቲሙ ይሁን ሕሊናው ማንም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ከብዙ ሰው ስሰበስብ ግን ይታወቃል። ለምሳሌ እንዲሆን፣ 200 ሰው መለሰ እንበል። ወደ 100 የሚሆነው በሳንቲሙ ምክንያት "አዎ" ማለቱ አይቀርም። በድምሩ 130 "አዎ" ካገኘሁ የተረፉት 30ዎቹ እውነቱን ከመለሱት 100 ውስጥ የመጡ ናቸው። ወደ 30 በመቶ ማለት ነው። የማንንም ምስጢር ሳልነካ የሁሉንም አወቅሁ። ይህን ዘዴ እወደዋለሁ፣ ለመላሹ ክብር ስለሚሰጥ።

ሌላው መንገድ ስለ ጓደኛው መጠየቅ ነው። ጄፍሪ ኮኸንና ባልደረቦቹ "አንተ ይህን ታደርጋለህ ወይ?" ብለው ይጠይቁና "ባልደረቦችህስ?" ብለው ይደግማሉ። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ክፍተት ሰው ራሱን ምን ያህል እንደሚያሳምር ይናገራል። ሰው ሁልጊዜ ከጓደኛው ይሻላል፣ በራሱ አፍ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ስለ ተመራማሪዎቹ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጄምስ ሀንተን በአሜሪካ ቤንትሌይ ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰር ነበር። በ2010 ኦዲተሮች ማጭበርበርን እንዴት በጋራ አስበው ሊደርሱበት እንደሚችሉ የሚያሳይ ጥናት በመስኩ ከፍተኛ በሚባል የምርምር ጆርናል ላይ ከአንዲት ባልደረባው ጋር አሳተመ። ጥናቱ የተሠራው አሜሪካ ውስጥ 150 ቢሮ ባለው የኦዲት ድርጅት ነው ይላል። አንባቢዎች ጠየቁ፦ ይሄን ያህል ቢሮ ያለው ድርጅት የትኛው ነው? እሱ የምስጢር ስምምነት አለብኝ አለ። ጽሑፉ በ2012 ተሰረዘ፣ እሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። የዩኒቨርሲቲው ምርመራ በ2014 ዳታ መፈጠሩን አረጋገጠ፣ ባልደረባው ግን ታውቅ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። እስከዛሬ ከ30 በላይ ጽሑፎቹ ተሰርዘዋል።

ስለ ማጭበርበር የሚጠና ጥናት ተጭበርብሮ ተገኘ ማለት ነው። የቅርብ አንባቢው ያየው ደግሞ ጥልቅ ቲዎሪ አልነበረም፣ የቢሮ ብዛት ነው። ተራ የኦዲት ጥያቄ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የሚሠራ ተማሪ ጥሬ ዳታውን እኔም፣ ሌላ ሰውም እንዲያየው አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ማመን ጥሩ ነው፣ ማየት ግን ሥራችን ነው።

አሁን ወደ ትንንሹ ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችሁ 828 ሚሊዮን ዶላር መዝግቡ አትባሉም። እናንተን የሚያገኛችሁ ይሄኛው ነው። ማታ ነው። ከፊታችሁ የናሙና ዝርዝር አለ፣ ሠላሳ ምናምን ቫውቸር። ለእያንዳንዱ ደረሰኙን፣ የግዢ ትእዛዙን፣ ዕቃው የገባበትን ማስረጃ ማየት አለባችሁ። ሃያውን አይታችኋል፣ ሁሉም ደህና ነው። የቀረው ፋይል ሌላ ክፍል ተቆልፎበታል፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ሄዷል። ለሥራው የተመደበው ሰዓት ካለቀ ቆይቷል። ሥራውን የሚመራው ሲኒየር ኦዲተር ጠዋት ይፈልገዋል። የሥራ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥኖች አሉ፣ በእያንዳንዱ አንዲት ምልክት ብቻ ነው የምትቀረው። ሃያው ደህና ከሆነ የቀረውም ደህና ነው፣ አይደል? ትጭራላችሁ፣ ትሄዳላችሁ።

በምርምሩ ይህ ሳይሠሩ መፈረም ይባላል፣ ለአሥርታት ተጠንቷል፣ ደጋግሞም ተገኝቷል። ብዙ ጊዜ የቀረው ፋይል እውነትም ደህና ነው፣ ምንም አይፈጠርም። ክፉው ነገር እሱ ነው። ምንም ስላልተፈጠረ እጅ ይለምዳል።

መንትያው ደግሞ ሰዓት መደበቅ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርታችሁ ስምንት ትሞላላችሁ፣ ከበጀት አለፈ እንዳትባሉ። ብዙ ወጣቶች ይህን እንደ መሥዋዕትነት ያዩታል፤ ማንን ጎዳሁ፣ ራሴን ነው ይላሉ። እስቲ ተከትላችሁ እዩት። የዘንድሮው የተመዘገበ ሰዓት ለሚቀጥለው ዓመት በጀት መነሻ ይሆናል። ማኔጀሩ ስምንት ሰዓት በቂ ነው ብሎ ያምናል፣ ለደንበኛውም በዚያ ሒሳብ ዋጋ ይሰጣል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ልጅ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ በስምንት ጨርስ ይባላል። እሱ ወይ ይደብቃል፣ ወይ ሳያይ ይፈርማል። ስለዚህ የእናንተ ዝምታ በሌላ ሰው የሥራ ወረቀት ላይ ባዶ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ማንም ክፉ ሰው ሳይኖርበት ኦዲቱ ውስጡ ባዶ ይሆናል።

ታዲያ ሥነ ምግባር ማስተማር ይፈታዋል? እኔ አስተማሪው እንኳ በጥንቃቄ ነው የምመልሰው። አርተር አንደርሰን የተባለው ትልቅ የኦዲት ድርጅት በ1980ዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲዎች የቢዝነስ ሥነ ምግባር እንዲያስተምሩ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። መምህራንን ጋበዘ፣ ማስተማሪያ ቪዲዮ ሠራ። በጎ ሥራ ነበር፣ አልነቅፈውም። ያው ድርጅት በ2000 ኤንሮን ከተባለ የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ 25 ሚሊዮን ዶላር ለኦዲት፣ 27 ሚሊዮን ዶላር ለሌላ አገልግሎት አገኘ። ኤንሮን በታኅሣሥ 2001 ከሰረ፣ አንደርሰን የኤንሮንን ሰነዶች መቅደዱ ወጣ፣ በ85 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ይንቀሳቀስ የነበረው ድርጅት ፈረሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድርጅቱ ጥፋተኛ የተባለበትን ውሳኔ በ2005 ሲሽረው ድርጅቱ አልነበረም። እዚያ ይሠሩ የነበሩት አብዛኞቹ ሰዎች ኤንሮን ደጃፍ ደርሰው አያውቁም። ያንን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል።

ሌላው ከዚህ የቀረበ ነው። በ2022 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኤርንስት ኤንድ ያንግ የተባለውን የኦዲት ድርጅት 100 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ምክንያቱ ኦዲተሮቹ ፈተና መኮረጃቸውና ድርጅቱ ይህን ከመርማሪዎቹ መደበቁ ነው። የትኛውን ፈተና? ከሌሎቹ መካከል ለሙያ ፈቃድ የሚሰጠውን የሥነ ምግባር ፈተና። 49 ሰዎች የመልስ ወረቀት ልከዋል ወይም ተቀብለዋል። እነዚህ ሰዎች መኮረጅ ነውር መሆኑን አጥተውት አይመስለኝም። ሁሉም ሲያደርገው ነውርነቱ ደበዘዘ፣ ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ፈተናው ደግሞ ሳጥን መሙያ ሆኗል። ካዩት ብዙዎቹ እንኳ አልተናገሩም።

እኔ ክፍል ውስጥ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሜሪ ጀንታይል የምትባል መምህርት ያመጣችው አቀራረብ አለ፣ ብዙ ነገር ቀይሮልኛል። እሷ ምን አለች? "ትክክሉ ምንድን ነው?" ብላችሁ ሰዓታችሁን አትጨርሱ። ትክክሉን አውቃችኋል እንበል፣ አሁን ምን ትላላችሁ፣ ለማን፣ መቼ? ስለዚህ ተማሪዎቼን ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል አጽፋቸዋለሁ። ጉዳዩ ይሄ ነው፦ የሒሳብ ዓመቱ ሊዘጋ ነው፣ አለቃችሁ ዕቃው ገና ከመጋዘን ያልወጣለትን ሽያጭ ዘንድሮ መዝግቡት ብሏል። ምን ትሉታላችሁ?

መጀመሪያ የሚጻፈው ሁልጊዜ ስብከት ነው። "ይህ የሙያ ሥነ ምግባርን ይፃረራል።" ተነስቼ አለቃውን ሆኜ እመልስላቸዋለሁ፣ ክፍሉ ዝም ይላል። ሁለተኛው ሙከራ ቁጣ ይሆናል። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው "ዕቃው የወጣበትን ሰነድ የት አገኘዋለሁ? ኦዲተሩ ሲጠይቀኝ የማሳየው እሱን ነው" ብሎ ይጽፋል። አያችሁ? ማንንም ሌባ አላለም። ጥያቄው ተራ የሥራ ጥያቄ ነው። ግን አለቃው ወይ ሰነዱን ማምጣት፣ ወይ "ያለ ሰነድ መዝግብ" ብሎ በግልጽ ማዘዝ አለበት። ብዙ ሰው በግልጽ ማዘዝ ይከብደዋል። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀድሞ አፉ ላይ ያላት ሰው በዚያች ደቂቃ አይደነግጥም።

ሕጉም ቢሆን ትንሽ ረድቷል። ዓለም አቀፉ የአካውንታንቶች የሥነ ምግባር ደንብ አምስት መርሆች አሉት፤ ሐቀኝነት፣ አለማዳላት፣ ብቃትና ጥንቃቄ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ለሙያው የሚመጥን ምግባር። ድሮ አራተኛው ብዙ ሰው ያፍን ነበር፤ የደንበኛ ምስጢር ነው እየተባለ ወንጀል ይታለፋል። በ2016 ወጥቶ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ከባድ የሕግ ጥሰት ያየ ባለሙያ ደረጃውን ጠብቆ ሄዶ፣ ሁኔታው ካስገደደው ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማሳወቅ እንደሚችል ግልጽ አድርጓል።

ግን አላታልላችሁም። መናገር ያስከፍላል። አሌክሳንደር ዳይክ፣ አዴር ሞርስና ሉዊጂ ዚንጋሌስ በ2010 ባሳተሙት ጥናት በትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የተፈጸሙ 216 ማጭበርበሮችን ማን እንዳጋለጣቸው ፈልገዋል። ሠራተኞች 17 በመቶውን፣ ኦዲተሮች 10 በመቶውን። ስማቸው ከተገለጸው ሠራተኞች ደግሞ 82 በመቶዎቹ ተባረርን፣ ተገፍተን ለቀቅን፣ ወይም ሥራችን ተቀየረ ብለዋል። ስለዚህ "ተናገሩ" ብሎ መክሮ ወደ ቤት መሄድ ቀላል ነው፤ የሚናገረውን የሚጠብቅ አሠራር ሳይኖር ግን ወጣቱን ብቻውን ወደ እሳት መላክ ነው። ድርጅት የምትመሩ እዚህ ካላችሁ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። ሰው ከአለቃው ውጭ የሚደውልለት ቁጥር ይኑረው፣ የደወለውም ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ላይ ይታይ። ሌላው ሠራተኛ ፖስተሩን ሳይሆን እሱን ነው የሚያየው።

ጥያቄ ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪ የመጀመሪያ ሥራዬን ስፈልግ ምን ልጠይቅ ብላኝ ነበር። ሁለት ነገር አልኳት። የሠራሽው ሰዓት ከበጀት ሲያልፍ ምን እንደሚደረግ ጠይቂ። መልሱ "ያልፋል፣ ምክንያቱን እናያለን" ከሆነ ጥሩ ነው። "የእኛ ልጆች አያልፉም" ካሉሽ ሰዓት እየተደበቀ ነው። ሁለተኛ፣ ማኔጀርሽ ጋር ካልተስማማሽ ማን ጋ እንደምትሄጂ ጠይቂ፣ የሰውየውን ስም ካልነገሩሽ ሰውየው የለም።

ሌላው ደግሞ ምን ያልተጠና ነገር ቀረ አለኝ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ያነሳኋቸው ጉዳዮች በሙሉ የፈነዱ ናቸው። ያልተመዘገበው ሐሰት ግን ፋይል የለውም። አንዱ "ሰነዱን አምጡልኝ" አለ፣ አለቃው ተወው፣ ሒሳቡ በትክክል ተዘጋ፣ ማንም አልሰማ። እንዲህ ዓይነት ቀን በየቢሮው ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ፣ የተናገረው ሰው በምን ቃል እንደተናገረ፣ ለምን እንደተሰማ ለማወቅ ጥናቱ ገና ብዙ ይቀረዋል። ሰዎቹ አሉ፣ ጠያቂ ነው ያጡት። በዚህ ላይ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚህ በኋላ እዚሁ ነኝ፣ ኑና እናውራ።